ቤት መልቀቅ ከክስ መውጣት አይደለም



ስለ ቤት ኪራይ በተነጋገርን ቁጥር ቀድመን የምናነሣው የኪራዩን መወደድ ነው። መወደዱ እውነት ነው፤ ስለ እርሱም ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ አሳቤን ለማካፈል የምወደው ብዙ ስላልተጻፈበት፣ ነገር ግን የብዙ ደኅና ሰው ኪስና ስም ስለሚጎዳበት ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ተከራይ ቤቱን ለቆ ከሄደ በኋላ ስለሚከተለው «ቤቴን ይልቀቅልኝ፣ ኪራዬን ይክፈለኝ» ስለሚል ክስ ነው።

«ከቤቱ ከወጣ ወዲያ ደግሞ ምን ክስ አለ? ይልቀቅልኝ የተባለው ለቀቀ፤ ነገሩ አለቀ» የሚል አይጠፋም። አነጋገሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በገንዘብ የሚከፈልበት ነው። ቤት የሚለቀቀው ዕቃ ጭኖ በመሄድ ሲሆን ከክስ የሚወጣው ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃል በመስጠት ነው። ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው፤ በአንደኛው መውጣት ከሁለተኛው አያወጣም። የጽሑፌም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስለ ምን ዳንግላን አነሣለሁ? ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ሰው የሚመጣባትና ሰው የሚሄድባት ከተማ ናት። ድሮም እንዲሁ ነበረች፤ የእንግሊዙ ቆንስል ሻለቃ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ተቀምጦ የጣናንና የዓባይን አገር ያጠናው መኖሪያውን ዳንግላ አድርጎ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚመጣባት አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያውና ነጋዴው ነው። ይህ ሰው ሁሉ ቤት ሠርቶ አይቀመጥም፤ ይከራያል። ዝውውር ሲመጣለት ወደ እንጅባራ፣ ወደ ቻግኒ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከእኛም መካከል የስንቱ ወንድም፣ የስንቱ እኅት በዚህ ዓይነት ኑሮ ላይ እንዳለ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ትምህርታችንን ስንጨርስ እኛም የምንገባው በዚሁ ኑሮ ነው።

ኪራዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በቃል ነው። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ ተከራይ «አላመነኝም» ተብሎ ይታማል። በመውጫው ቀን ዕቃው ይጫናል፤ አከራይ በቦታው ካልተገኙ ቁልፉ ለጎረቤት ይሰጣል፤ «ደኅና ሁኑ» ተባብሎ ይለያያል። በመተማመን መኖር መልካም ባህላችን ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚሠራው በማስረጃ ነው።

አከራይንም አንርሳ። ተከራይን ሁሉ የተበደለ፣ አከራይን ሁሉ በዳይ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይሆንም። በትንሽ ከተማ ቤት የሚያከራይ ሰው ብዙ ጊዜ ባለ ፎቅ ከበርቴ አይደለም። ከግቢያቸው ሁለት ክፍል አከራይተው በዚያ የሚኖሩ ባልቴት፣ የጡረታ ገንዘባቸውን በኪራይ የሚደጉሙ ሽማግሌ ይሆናሉ። ኪራይ ሲቀርባቸው ወደ ዳኛ መሄዳቸው መብታቸው ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ክፉ ሰዎች ሳይሆን፣ ሁለት ደኅና ሰዎች በአንድ ወረቀት ምክንያት ስለሚጎዳዱበት መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ሰውዬውም ሴትዮዋም በአሳብ የተፈጠሩ ናቸው። አንድ አስተማሪ በዳንግላ በወር በ3,000 ብር ቤት ተከራይቶ ይኖራል እንበል። የታኅሣሥን ኪራይ ሳይከፍል ይቀራል። አከራይዋ ደጋግመው ጠይቀው ስላልተሳካላቸው ታኅሣሥ 20 ቀን በወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ይመሠርታሉ። ክሱ «ቤቴን ይልቀቅልኝ፤ የታኅሣሥንም ኪራይ፣ ቤቱን እስኪያስረክበኝም ድረስ ያለውን ኪራይ ይክፈለኝ» የሚል ነው። አስተማሪው ይህን ሳይሰማ ዝውውር ይደርሰዋል፤ ታኅሣሥ 30 ቀን ዕቃውን ጭኖ ወደ ቻግኒ ይሄዳል። አከራይዋ በዚያ ቀን ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ስለ ነበሩ ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤቱ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይረሳል።

በጥር ወር የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጥሪያ ይዞ ወደ ዳንግላው ቤት ይሄዳል። ቤቱ ዝግ ነው። ተመልሶም «ተከሳሹን አላገኘሁትም» ብሎ ያስታውቃል። ሕጉ ደግሞ ተከሳሽ በተለመደው መንገድ ሊገኝ ባልቻለ ጊዜ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በሌላ መንገድ እንዲደርስ ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። በፍርድ ቤቱ ሰሌዳና በመጨረሻ በኖረበት ቤት በር ላይ ይለጠፋል፤ ወይም በጋዜጣ ይወጣል። በክልላችን በኩር ጋዜጣን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያሉትን የፍርድ ቤት ጥሪዎች ያውቃቸዋል። ቻግኒ የሚያስተምረው ሰው ግን ዳንግላ በተዘጋ በር ላይ የተለጠፈውን እንዴት ያነበዋል?

ቀጠሮው ይደርሳል፤ ከሳሽ ይቀርባሉ፤ ተከሳሽ አይቀርብም። ግንቦት 30 ቀን ውሳኔ ይሰጣል። ቤቱ ስላልተረከቡ ኪራዩ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የስድስት ወር፣ 18,000 ብር ሆኖ ይታሰባል። በእውነት የነበረበት ዕዳ የአንድ ወር፣ 3,000 ብር ነው። አሥራ አምስት ሺሕ ብሩ የመጣው ከየት ነው? ከክፋት አልመጣም፤ ከዝምታ ነው የመጣው። አከራይዋ ቁልፍ አልተቀበሉምና አልዋሹም። ዳኛውም ከፊታቸው ባለው ማስረጃ ፈረዱ እንጂ አላደሉም። የጠፋው የአስተማሪው ቃል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአፈጻጸም ትእዛዝ ሲሆን ይህ ግን መንገድ አይስትም፤ በቀጥታ ደመወዝ ወደሚከፍለው መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

እንግዲህ «ለቅቄ ሳለሁ ክሱ ለምን አልሞተም?» የሚለውን ጥያቄ እንመርምር። የልቀቅልኝ ክስ ብዙ ጊዜ ሁለት ራስ አለው። አንዱ ራስ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ተከራይ ወጥቶ ቤቱን ካስረከበ ስለ ቤቱ የሚፈረድ ነገር አይኖርም፤ የመጀመሪያው ራስ ይወድቃል። ሁለተኛው ግን ቆሞ ይቀራል። ያልተከፈለ ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ፣ የተሰበረ መስኮት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ በመውጣት ቀረ የሚባል ጥቅም ሁሉ ከዚህ ይቈጠራል። ከዚህም ሁሉ ሒሳብ መሠረቱ አንድ ቀን ነው፤ ተከራይ ቤቱን ያስረከበበት ቀን። ያን ቀን ለፍርድ ቤቱ የሚነግረው ማን ነው? ከተከሳሹ በቀር ለመናገር የሚቸኩል ሰው የለም።

የጥንት አባቶቻችን ሥርዓት እንዲህ ላለው ችግር በር አልከፈተም ነበር። ተካሳሾች የኩታቸው ጫፍና ጫፍ እየታሰረ ተቈራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። «በሕግ አምላክ» ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ያ ሥርዓት የራሱ ጭካኔ ነበረው፤ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ተቈራኝተው ብዙ ቀን እንዲንገላቱ ያደርግ ነበርና ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም ነበር፤ ምክንያቱም ከከሳሹ ጋር ታስሮ ቆሟል። ዛሬ በኩታው ምትክ የገባው መጥሪያ የሚባለው ወረቀት ነው። ኩታ ሰውን ይከተላል፤ ወረቀት ግን አድራሻን ይከተላል። አድራሻው የተለወጠ ሰው ከወረቀቱ ጋር ተላልፎ ይቀራል።

የዛሬው ሥርዓት የተመሠረተው በሁለት ሕጎች ላይ ነው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ የግል አከራይና የግል ተከራይ ነገር ለብዙ ዓመት ቀርቶ ነበር። ጊዜው ሲለወጥ የግል ኪራይ ተመለሰ፤ ያረጀ የመሰለውም የኪራይ ሕግ ከመደርደሪያ ወርዶ እንደገና ሥራ ጀመረ።

በቅርቡ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ይህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የትኞቹ ከተሞች በዚህ እንደሚተዳደሩ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ከአዋጁ የሚበልጥብን ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ውል በጽሑፍ ከሆነና ገንዘብ በባንክ ከተከፈለ፣ የከፈለ ሰው መክፈሉን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ መንደር ለመንደር አይዞርም። ይህን ለማድረግ ደግሞ የማንንም አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ዳንግላ ውስጥ ያለ ተከራይና አከራይ ዛሬውኑ ሊያደርጉት ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ። ቤቱን ከለቀቀ በኋላ ክስ እንዳለበት የሰማ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፤ መጥሪያውን ይቀበል። «ካልተቀበልሁ አልተከሰስሁም» የሚል አስተሳሰብ አለ። ከንቱ ነው። መልእክተኛው እንቢ መባሉን ጽፎ ለፍርድ ቤቱ ያስታውቃል፤ ነገሩም ይቀጥላል። መጥሪያውን የተቀበለ ሰው ግን የክሱን ጽሑፍና የከሳሽን ማስረጃ ያገኛል፤ የተጠየቀውን ሳያውቅ የሚፈራው ነገር ይቀንስለታል።

ሁለተኛ፤ በተወሰነለት ቀን የመከላከያ መልሱን በጽሑፍ ያቅርብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ቤቱን ለቅቄአለሁ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ በመሄድ ነው። ይህ አይበቃም። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ መሠረት ተከሳሽ የክሱን ነገር አንድ በአንድ እያነሣ ያመነውን አምኛለሁ፣ የካደውን ክጃለሁ ማለት አለበት፤ ለይቶ ያልካደው እንዳመነው ይቈጠርበታል። «ዝምታ ለበግም አልበጃት» የሚባለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህ የለቀቀበትን ቀን፣ ቁልፉን ለማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንዳየ፣ እስከ መቼ ያለውን ኪራይ እንደ ከፈለ ለይቶ ይጻፍ። የሚፈለግበት እውነተኛ ዕዳ ካለ ደግሞ እርሱን ይመን። የአንድ ወር ዕዳ አምኖ የአምስቱን ወር የሚክድ ሰው በዳኛ ፊት ከሁሉም ካጅ ይልቅ ይታመናል።

ሦስተኛ፤ ማስረጃውን ከመልሱ ጋር ያያይዝ። የዝውውር ደብዳቤ፣ ዕቃ የተጫነበት ደረሰኝ፣ በአዲሱ ከተማ የተደረገ የኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ በስልክ የተላከ መልእክት፣ ዕቃ ሲጫን ያዩ ጎረቤቶች ሁሉ ይጠቅማሉ። ምስክር ስሙ ተዘርዝሮ መቅረብ ያለበት ገና ከመጀመሪያው ነው። «ኋላ አመጣለሁ» የተባለ ማስረጃ ኋላ ተቀባይነት ለማግኘት ይቸግረዋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት አበው ነገሩን ጨርሰውታል።

አራተኛ፤ እርሱም የሚጠይቀው ካለ በዚያው ይጠይቅ። ቅድሚያ የከፈለው ያልተኖረበት ኪራይ፣ ወይም በመያዣ ያስቀመጠው ገንዘብ ያለ እንደሆነ በተከሳሽ ከሳሽነት ሊያቀርበው ይችላል። ለዚህ የዳኝነት ገንዘብ እንደሚከፈል ግን ይወቅ።

አምስተኛ፤ በሽማግሌ ከታረቁ ዕርቁ ወደ መዝገቡ ይግባ። በአገራችን ብዙው ነገር በሽማግሌ ያልቃል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ቡና ተጠጥቶ፣ ይቅር ተባብሎ የተለያየ ሰው መዝገቡ ክፍት መሆኑን ይረሳል። ዳኛው ዕርቁን በሕልም አያዩትም። ወይ ከሳሽ ክሱን ማንሣታቸውን ለፍርድ ቤቱ ያስታውቁ፣ ወይ የዕርቁ ስምምነት ተጽፎና ተፈርሞ ይመዝገብ። ይህ ሳይሆን የቀረ ዕርቅ አንደኛው ወገን በተቀየመ ማግሥት ይፈርሳል።

ስድስተኛ፤ በቀጠሮው ቀን ይገኝ። ከሳሽ ቀርበው ተከሳሽ ከቀረ ነገሩ በሌለበት ይሰማል። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ከቀሩ ደግሞ ተከሳሹ ካላመነ በቀር መዝገቡ ይዘጋል። ስለዚህ ከቻግኒ ወይም ከባሕር ዳር ለአንድ ቀን ወደ ዳንግላ መመለስ ድካም ቢሆንም ከንቱ ድካም አይደለም። አዲሱንም አድራሻውን ለመዝገብ ቤት ማስታወቅ አይርሳ።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሰማስ? ያም ቢሆን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ «ፍርዱ ተነሥቶ ልሰማ» ብሎ ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ማስረዳት ያለበት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ መጥሪያው በሚገባ አልደረሰኝም፣ ወይ እንዳልቀርብ የሚያግድ በቂ ምክንያት ነበረኝ ማለት ነው። «ቤቱን ቀድሜ ለቅቄ ነበር» ማለት ለክሱ መልስ ይሆናል እንጂ ላለመቅረብ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ጥሩ ነገር ይዞ ይረታል። አንድ ወሩም ቶሎ ያልቃል፤ «ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ» የሚባልበት አይደለም።

ለዚህ አሳቤ ሁለት ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። አንዱ «ሕዝባችን ቀድሞውንም ሙግት ይወዳል፤ እናንተ ደግሞ ተከራይን ሁሉ ጠበቃ አድርጋችሁ ፍርድ ቤቱን ልታጨናንቁት ነው» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ፍርድ ቤትን የሚያጨናንቀው የቀረበ ሰው ሳይሆን የቀረ ሰው ነው። የቀረበ ሰው ነገር በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ይቈረጣል። የቀረ ሰው ነገር ግን መጀመሪያ በሌለበት ይፈረዳል፤ ቀጥሎ ለአፈጻጸም ሌላ መዝገብ ይከፈታል፤ ቀጥሎ ፍርዱ ይነሣልኝ ይባላል፤ ከዚያም ነገሩ እንደገና ከሥር ይጀመራል። የአንዲት የ3,000 ብር ዕዳ ነገር ብዙ መዝገብ ትወልዳለች። አከራይዋም ቢሆኑ በወረቀት ረትተው ገንዘቡን ሳያገኙ ዓመት ይቆያሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድሃ ተከራይ ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? ጠበቃስ በምን ይቀጥራል?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም በአንቀጽ 20 የተጻፈው ግን ለወንጀል ተከሳሽ ነው። ስለ ቤት ኪራይ የተከሰሰ ሰው ራሱን ችሎ ይቆማል። ሌላ አገር ይህን ክፍተት አይተው ለመድፈን የጀመሩ አሉ። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ተከራዮች በልቀቅልኝ ክስ ጠበቃ እንዲያገኙ ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆናለች። በዚያ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችንም የሚያውቁት ሌላ ነገር አለ። በልቀቅልኝ ክስ የተከሰሰ ሰው ቤቱን ለቆ ቢሄድም የክሱ መዝገብ ይከተለዋል፤ ሌላ ቤት ሊከራይ በሄደ ጊዜ አከራዩ ያን መዝገብ አይቶ ሊመልሰው ይችላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የተከራይ መዝገብ የለም፤ ደመወዝን ተከትሎ የሚመጣው የአፈጻጸም ትእዛዝ ግን አለ።

ኒው ዮርክ ሩቅ ናት፤ ገንዘቧም የእኛ አይደለም። እኛ ያለን ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተማሪ ጉልበት ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ ሲሄዱ ጩኸታቸው ለራሳቸው አልነበረም፤ ያለ ጽሑፍ ውል በባለመሬቱ ቃል ብቻ ከመሬቱ ስለሚነሣው ጭሰኛ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የዛሬው ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚተካከል ነው አልልም። ሆኖም መነሻው አንድ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው በወረቀት ፊት እንዳይወድቅ ማገዝ ነው። ለዚህኛው ደግሞ ዐሥር ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ክረምት ይበቃል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፤ የሕግ ተማሪዎቻችን አንድ ገጽ የማይሞላ የቤት ርክክብ ወረቀት ያዘጋጁ። በወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የቁልፉ ብዛት፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ ኪራይ እስከ መቼ እንደ ተከፈለ፣ የቀረ ዕዳ ወይም ተመላሽ ገንዘብ፣ የሁለቱ ወገኖችና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑር። በአማርኛና በአዊኛ ተባዝቶ በየቀበሌው ይሰጥ። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው አስተማሪ እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ አሥራ አምስት ሺሕ ብር ባልጠፋበት ነበር፤ አከራይዋም ቤታቸውን በጥር ለሌላ ተከራይ ባከራዩ ነበር።

ሁለተኛው፤ በክረምት ወደየአገራቸው የሚሄዱ የሕግ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ተቈጣጣሪነት በዳንግላ በሳምንት ጥቂት ቀን ተቀምጠው መጥሪያ የደረሰውን ሰው መልስ በመጻፍ ይርዱ። ተከራይ ሲመጣ ተከራይን፣ አከራይ ሲመጣም አከራይን ይርዱ። ሳያዳሉ የሚሰጥ ምክር ከሁለቱም ይመሰገናል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት መስጠታቸው በአገራችን አዲስ ነገር አይደለምና የሚያስፈልገው አዲስ ሕግ ሳይሆን አዲስ ትጋት ነው።

ሦስተኛው፤ ማኅበሩ ለወረዳው ፍርድ ቤት በአክብሮት ማመልከቻ ይጻፍ። ይኸውም የልቀቅልኝ ክስ ሲቀርብ ከሳሽ የተከሳሽን የስልክ ቁጥርና የሥራ ቦታ እንዲያስመዘግቡ፣ ቤቱም ዝግ ሆኖ ከተገኘ በበር ላይ ከመለጠፉ በፊት ተከሳሹ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት በኩል እንዲፈለግ ነው። የአፈጻጸም ትእዛዝ የደመወዝ ከፋዩን መሥሪያ ቤት አግኝቶ የሚደርስ ከሆነ መጥሪያውስ በዚያው መንገድ ቀድሞ እንዳይደርስ ምን ያግደዋል?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለቤት ችግር የሚሆነው ትልቁ መፍትሔ ቤት መሥራት እንደሆነ እናውቃለን፤ እርሱ ከተማሪ አቅም በላይ ነው። ሰው በማያውቀው ክስ እንዳይረታ ማድረግ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከላይ የዘረዘርኋቸው ሦስት አሳቦች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዙልኝ እየጠየቅሁ፣ የተሻለ አሳብ ያለው ደግሞ በሚወጣው ዕትም እንዲጽፍ እጋብዛለሁ።

ከዳንግላ የመጣ አንድ የማኅበሩ አባል